ማታ ማታ ለሚጫወት ሰው የሚሆን ሞኒተር፣ በርካሹ

ሰሞኑን "ሞኒተር ልገዛ ነው፣ ምን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ከሰፈር ልጆች ጀምሮ የመሥሪያ ቤት ሰው ሳይቀር ይጠይቀኛል፣ እኔም ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ቮይስ መላክ ሰለቸኝና አንዴ ጽፌው ሊንኩን እየላኩ ልገላገል ብዬ ነው። ጽሁፉ ለውድድር ለሚዘጋጅ ሰው አይደለም። ከሥራ ወይም ከክላስ መልስ እራቱን በልቶ ሁለት ግጥሚያ ፊፋ ሚጫወት (በፈረንጆቹ 2023 ስሙን ኤፍሲ ብለውታል፣ እኛ ጋ ግን ፊፋ ፊፋ ነው)፣ ጂቲኤ ላይ መኪና ሚነዳ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ካውንተር ሚገባ፣ በቀረው ጊዜ ደሞ እዛው ስክሪን ላይ ፊልም ሚያይና አሳይመንት ሚሠራ ሰው ነው ያሰብኩት። እንዲ አይነት ሰው ብሩን ሚያባክነው አብዛኛውን ጊዜ ሞኒተሩን ከኮምፒውተሩ ነጥሎ ሲያስብ ነው። ስክሪኑ ማሽኑ ከላከለት በላይ ማሳየት አይችልም፣ ስለዚ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ስለ ሞኒተር ሳይሆን ቤታችሁ ስላለው ዕቃ ነው።

ማሽናችሁን አዙሩና ጀርባውን እዩት። እዚህ ሐዋሳ እኔ ማውቃቸው ሰዎች ቤት ያለው በብዛት ከሦስት አንዱ ነው፦ ውጭ ሀገር ኦፊስ ሲሠራበት ቆይቶ የመጣ ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕ፣ ወይ ደሞ ፒኤስ 4። ጣጣው ያለው ዴስክቶፑ ጋ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሚባለውን ብትወስዱ ጀርባው ላይ ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ አለው፣ ኤችዲኤምአይ ግን የለውም (ሦስቱም የሞኒተር ገመድ መሰኪያ ናቸው)። 3020 ሚባለውም አንድ ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ ነው። አቶቴ ሰፈር ሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት ያለው ይሄ 7010 ነው፣ እሱ ደሞ ገና ሞኒተር ሳያይ ኤችዲኤምአይ ገመድ ገዝቶ ነው ሚጠብቀኝ፣ ሚሰካበት ቀዳዳ ሲፈልግ ነው ነገሩ የገባው።

ገመድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ሱቅ ሚመላለሰው። ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ወጥቶ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ላይ ሚሰካ ገመድ አለ፣ እሱ ርካሽ ነው፣ በነዚህ ማሽኖች ላይም ያለምንም ችግር ይሠራል። በግልባጩ ግን አይሠራም። ማለትም ላፕቶፓችሁ ኤችዲኤምአይ ብቻ ኖሮት ሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ከሆነ፣ ያው ገመድ ተገልብጦ ተሰካ ማለት ምስል ይመጣል ማለት አይደለም፣ የራሱ ኃይል ሚወስድና ሲግናሉን ሚቀይር መሣሪያ ያስፈልጋል፣ እሱ ደሞ ዋጋው ሌላ ነው፣ ሁሉም ሱቅም አይገኝም። ሻጩ "ችግር የለውም ይሠራል" ካላችሁ እዛው ሰክቶ ያሳያችሁ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ሚቀይረው ትንሹ ነገር ግን አብዛኛው እስከ 1080ፒ (ሙሉ ኤችዲ) በ60 ኸርዝ ድረስ በደንብ ይሠራል፣ ብሩ ካጠረና የድሮ ሞኒተር ካላችሁ እሱም ያስኬዳል፣ ፊደሎቹ ትንሽ ደብዘዝ ይሉ ይሆናል እንጂ ፊፋ ለመጫወት ምንም አይልም። ቪጂኤ ስትጠቀሙ ምስሉ ወደ ጎን ሸሽቶ ከመጣ ሞኒተሩ ላይ ኦቶ አድጀስት ሚለውን ተጫኑ፣ ስንቱ ሰው ነው ይቺን ሳያውቅ ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብሎ ሚሸጠው።

ቀጥሎ ኸርዝ። ሻጮቹ በጣም ሚወዱት ቁጥር ነው፣ "ወንድሜ ይሄ እኮ 144 ነው" ይሉሃል እግርህ ሱቅ ውስጥ ሳይገባ። 60 ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስሉን ያድሳል፣ እያንዳንዷ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ትቆያለች። 100 ሲሆን 10 ሚሊ ሰከንድ፣ 144 ሲሆን ወደ 7። እስቲ ልዩነቱን አስሉት፣ ከ60 ወደ 100 ስትሄዱ ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ታገኛላችሁ፣ ከ100 ወደ 144 ስትሄዱ ግን ያገኛችሁት 3 ብቻ ነው። የመጀመሪያው በዓይን ይታያል፣ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ራሱ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ደሞ አለ፣ ግን ማታ ማታ ለሚጫወት ሰው ተጨማሪ ብር ሚያስወጣ ነው አልልም።

ይሄም ቢሆን ማሽኑ በሰከንድ ያንን ያህል ፍሬም (ምስል) ካመረተ ነው። ያ 7010 ውስጡ ያለው የሦስተኛ ትውልድ አይ5 ከሆነና ግራፊክስ ካርድ ካልተጨመረበት፣ ጂቲኤ 5 ላይ ሁሉንም ሴቲንግ አውርዳችሁም 60 ማግኘት ህልም ነው። ለሱ 144 ኸርዝ ሞኒተር መግዛት ለባጃጅ የአውሮፕላን ጎማ መግጠም ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይ 1650 ወይ አርኤክስ 580 ካርድ ያለው ሰው ግን ካውንተርና ቫሎራንት አይነት ቀለል ያሉ ጌሞች ላይ ከ60 በላይ ስለሚያገኝ 100 ኸርዝ ቢገዛ ይጠቀምበታል። ፒኤስ 4 ብቻ ያለው ሰው ደሞ ጭራሽ አያስብበት፣ ፒኤስ 4 ፕሮውም ጭምር ሚያወጣው እስከ 60 ድረስ ነው፣ አለቀ።

ደስ ሚለው ነገር ግን አሁን አሁን አዲስ የሚመጡት ርካሽ ባለ 24 ኢንቾቹ ራሳቸው ብዙዎቹ 100 ኸርዝ አይፒኤስ (ምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ) ሆነዋል፣ እንደ ኤልጂ 24ኤምአር400 አይነቶቹ። ድሮ 75 ኸርዝ እንኳ ጌሚንግ ተብሎ ይሸጥ ነበር። ስለዚ አዲስ ሚገዛ ሰው 60 ኸርዝ በአዲስ ዋጋ ከተባለ እግሩ ሱቅ ውስጥ አይቆይ።

ስፋት ላይ ሰው ሁሉ ትልቅ ነው ሚፈልገው። ትልቅ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሙሉ ኤችዲ ማለት 1920 በ1080 ነው፣ ወደ 2.07 ሚሊዮን ፒክስል፣ ስክሪኑ 24 ይሁን 27 ፒክስሉ ያው ነው። 24 ኢንች ላይ በኢንች ወደ 92 ፒክስል ይደርሳል፣ 27 ላይ ወደ 82 ይወርዳል። እኛ ቤት ጠረጴዛ ማለት ደሞ አብዛኛው ጠባብ ስለሆነ ፊታችን ከስክሪኑ ከ60 እና 70 ሳንቲ ሜትር አይርቅም፣ ከዛ ርቀት ላይ 27ቱ ፊደሉ ሻካራ ይሆናል፣ አሳይመንት ስትጽፉበት ይታወቃችኋል። ለ27 ሚመጥነው 2560 በ1440 ነው፣ እሱ ደሞ ወደ 3.7 ሚሊዮን ፒክስል ስለሆነ ግራፊክስ ካርዱን ያንበረክከዋል።

አሁን ደሞ ማንም ማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ደካማ ማሽን ያለው ሰው ባለ 20 ኢንቹን 1600 በ900 ሞኒተር አይናቅ። ፒክስሉ 1.44 ሚሊዮን ነው፣ ከሙሉ ኤችዲው በ30 በመቶ ያንሳል፣ ማሽኑ በዛ ልክ ይቀለዋል፣ ፍሬሙም ይጨምራል። ጥራቱ ደሞ በኢንች ወደ 92 ነው፣ ልክ እንደ ባለ 24ቱ! ሙሉ ኤችዲ ሞኒተር ላይ ጌሙን ወደ 900 ብታወርዱት ግን ምስሉ ተለጥጦ ይደበዝዛል፣ በራሱ ልክ ላይ ሲሆን ግን ጥርት ያለ ነው። እነዚህን ሰው ስለማይፈልጋቸው ሱቁ ጥግ ላይ አቧራ ለብሰው ነው ምታገኟቸው፣ ዋጋ ለመነጋገርም ይመቻሉ። ከሱ በታች ያለው 18.5 ኢንች 1366 በ768 ግን ለጌም ባይከፋም ለሌላው ነገር ይጠባል፣ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍቶ መሥራት አይቻልም፣ ነጻ ካላገኛችሁት ተዉት።

"ለምን ባለ 32 ኢንች ቲቪ አልገዛም፣ ቤተሰብም ያይበታል" ሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ፒኤስ 4 ሶፋ ላይ ሆናችሁ ምትጫወቱ ከሆነ እሺ፣ ቲቪ ግዙ፣ ጌም ሞድ ሚል ነገር ሴቲንጉ ውስጥ ካለ አብሩት፣ ካላበራችሁት ቲቪው ምስሉን ለማሳመር እያሰበ ኳሱን ካቀበላችሁ በኋላ ነው ተጫዋቹ ሚያቀብለው። ለኮምፒውተር ግን አይሆንም። ርካሾቹ ባለ 32 ቲቪዎች አብዛኞቹ 1366 በ768 ናቸው፣ በኢንች 49 ፒክስል ማለት ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ስታዩት ፒክስሉን መቁጠር ይቻላል። ካርቶኑ ላይ "ኤችዲ" ተብሎ "ፉል" ሚለው ከሌለ እሱ ነው።

ፓናል ሚባለው ነገር (ምስሉን ሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል) ርካሾቹ ላይ ሦስት አይነት ነው፣ ቲኤን፣ ቪኤ፣ አይፒኤስ። ቲኤኑ የድሮዎቹ የኦፊስ ሞኒተሮች ላይ ያለ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ጥሩ ነው፣ ስትነሱ ወይ ከጎን ስታዩት ቀለሙ ይገለበጣል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ፊፋ ሚጫወት ከሆነ አንዱ ሁሌ የከሰለ ሜዳ ላይ ነው ሚጫወተው። ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ኮንትራስቱ (በነጩና በጥቁሩ መሀል ያለው ልዩነት) ወደ 3000 ለ1 ይደርሳል፣ አይፒኤስ ወደ 1000 ለ1 ነው፣ ስለዚ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለማየት ቪኤ ይበልጣል። ችግሩ ርካሹ ቪኤ ጨለማ ቦታ ላይ ምስሉ ሲንቀሳቀስ ከኋላው ጭራ ይተዋል፣ ጂቲኤ ላይ በሌሊት ስትነዱ ዛፉና መንገዱ እንደተቀባ ቀለም ይጎተታል። አንዳንድ ሰው ጭራሽ አያስተውለውም፣ እኔን ግን ያናድደኛል። ስለዚ ምርጫዬ አይፒኤስ ነው፣ ከየትም ጎን ቢታይ ያው ነው፣ ሦስት ሰው ቢደረደርም ሁሉም እኩል ያያል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 1 ኤምኤስ (ፒክስሉ ቀለም ለመቀየር ሚፈጅበት ጊዜ) አትዩት፣ እሱ ቁጥር የተለካው ማንም ማይጠቀምበት ሴቲንግ ላይ ሆኖ ነው ብዙ ጊዜ፣ ኦቨርድራይቭ ሚባለውን ማፍጠኛ ሴቲንግ ጫፍ ላይ ስታደርሱት ነገሩ ይባስ ብሎ ነጭ ጥላ ያመጣል። ኤችዲአር (ደማቁንና ጨለማውን ይበልጥ አጉልቶ ማሳየት) ሚለውም እንደዛው፣ ብርሃኑ 250 ኒት (የብርሃን መለኪያ ነው) የሆነ ሞኒተር ኤችዲአር ሲግናል ይቀበላል እንጂ ኤችዲአር አያሳይም። ከርቭ ሚሉት ደሞ 24 ኢንች ላይ ለፎቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ብራችን ትንሽ ለሆነው። ለኔ በብሩ ልክ ምርጡ ዕቃ ከኦፊስ የወጣ ዩዝድ ባለ 22 ወይ ባለ 24 አይፒኤስ ሞኒተር ነው። ዴልና ኤችፒ በብዛት ይገባሉ፣ ሻጮቹ ስላይትሊ ዩዝድ ይሉታል፣ አንዳንዱ እውነትም ስላይትሊ ነው፣ አንዳንዱ ደሞ ስንት ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ነው። ስሙን ማንበብ ከቻላችሁ ሻጩን ብዙም መጠየቅ የለባችሁም። የዴሉን ፒ2419ኤች እንውሰድ፦ ፒ ማለት የፕሮፌሽናል መስመሩ፣ 24 ኢንቹ፣ 19 የሞዴሉ ዓመት በፈረንጆቹ 2019፣ ኤች ደሞ ሙሉ ኤችዲ። ፒ2217ኤች ካለ 22 ኢንች የ2017 ሞዴል ነው ማለት ነው። ዩ ሚል ካለበት ከፍ ያለው መስመር ነው፣ ኢ ካለበት ዝቅ ያለው። ዓመቱን ማየት ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ፒ2412ኤች ቲኤን ነው፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣው ፒ2414ኤች ግን አይፒኤስ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዋጋ ሊጠሩባችሁ ይችላሉ። ኤችፒም ይነበባል፣ ኢ243 ማለት 24 ኢንች ሦስተኛ ትውልድ፣ ኢ232 ማለት 23 ኢንች ሁለተኛ ትውልድ። ከጀርባው ያለው ስቲከር ላይ ደሞ የተመረተበት ወርና ዓመት አለ፣ ስቲከሩ ተልጦ ከሆነ ጥያቄ ጠይቁ።

ዋጋ አልጽፍም። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ዛሬ የጻፉት ለነገ አይሆንም፣ የዛሬ ዓመት የጻፍኩትን ይዞ ሱቅ ሄዶ "እሱ እንዲ ብሏል" ብሎ ሚከራከር ሰው እንዳይመጣብኝ። እኔ ምጠቀመው መለኪያ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የአዲሱን ባለ 24 ባለ 100 ኸርዝ ዋጋ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ፣ አዲስ አበባም ደውሉ፣ ቴሌግራም ላይም እዩ። ከዛ ዩዝዱ ከአዲሱ ግማሽ በታች ከሆነ ዩዝዱን ውሰዱ። ከግማሽ በጣም ካለፈ ግን ትንሽ ቆይታችሁ ጨምራችሁ አዲሱን ግዙ፣ ዋስትናም አለው፣ ፓናሉም ትኩስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዋጋው ወረድ ሊል ይችላል፣ ምርጫውም ይበዛል፣ ግን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ምትመጡበትን ትራንስፖርትና፣ ቤት ገብቶ እምቢ ቢል መልሶ መሄጃውን አስቡ። እኔ ልዩነቱ በጣም ካልሰፋ እዚሁ ሐዋሳ ነው ምገዛው፣ ሻጩን ነገ ፒያሳ አገኘዋለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሌላችሁ ተዋሱ። ሻጩ ሚያጫውትላችሁን ቪዲዮ እንዳታምኑ፣ አበባና ዓሣና የዱባይ ሕንፃ ሚታይበት ያ ደማቅ ቪዲዮ ላይ ማንኛውም ሞኒተር ያምራል። የአክስቴን ልጅ ይዤ የሄድኩ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ ገባን፣ ዴል ባለ 24 አወጣልን፣ ውጪው አንድ ጭረት የለውም፣ የመጀመሪያው ላስቲክ ራሱ ጠርዙ ላይ አለ። ልጁ አይኑ በርቷል፣ እኔን በክርኑ እየነካካ "እሱን እሱን" ይለኛል። ላፕቶፔን ሰካሁና ሙሉ ስክሪን ግራጫ ቀለም አደረግኩት፣ ነጭም ጥቁርም አይደለም፣ መካከለኛ ግራጫ። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከታች በኩል ከግራ እስከ ቀኝ ቀጭን የጠቆረ መስመር አለ፣ እሱ ላይ ደሞ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። የዊንዶውስ ታስክባር ነው፣ ከነአይከኖቹ። ከላይ ደሞ የሰንጠረዥ ዓምዶች አሉ፣ ሰዉ ሲሠራበት የነበረው ፕሮግራም እዛው ስክሪኑ ላይ ቀርቷል። ልጁ አፉን ከፈተ። ሻጩ "ጌታዬ እሱ ሲሞቅ ይጠፋል" አለኝ። ውሸት ነው ማለት አልችልም፣ እንዲ አይነት ጥላ አይፒኤስ ላይ የተለያየ ቀለም ሲቀያየርበት ቀስ እያለ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ግን እንዲ ጎልቶ ሚነበብ ከሆነ በሙሉ ዋጋ አይገዛም። "እንግዲያው ይሙቅ፣ እስኪጠፋ ቡና እንጠጣ" አልኩት፣ ሳቀና ሌላ አወጣ።

ከግራጫው በኋላ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ እያደረጋችሁ በሙሉ ስክሪን እዩ፣ የሞተ ፒክስል ካለ አንዱ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። አንድ ጥግ ላይ ያለች ነጥብ ዋጋ ማስቀነሻ ናት፣ መሀል ላይ ከሆነች ግን ሁሌ አይናችሁ እሷ ላይ ነው ሚያርፈው፣ ተዉት። ጥቁር ስታደርጉት ደሞ በእጃችሁ ወይ በጃኬት ጋርዱት፣ ከጠርዙ ብርሃን ሚያፈስ ከሆነ ያኔ ነው ሚታየው፣ ትንሽ ሁሉም ላይ አለ፣ እንደ ባትሪ ሚያበራ ከሆነ ግን ፍሬሙ ተጣሟል ወይ ተከፍቶ ነበር። ነጩ ላይ ቢጫ ቢጫ ካለና ብርሃኑን መቶ አድርጋችሁትም ደብዛዛ ከሆነ ብዙ ሠርቷል፣ ሌላ ጠይቁ። ሁሉንም መሰኪያ ሞክሩ፣ ገመዱን ስትነኩት ምስሉ ሚጠፋ ከሆነ ቀዳዳው ላልቷል። ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ሜኑ ሚከፍተው ቁልፍ ሞቶ ብርሃን መቀነስ ያቃታቸው ሞኒተሮች አይቻለሁ። ይሄን ሁሉ ስታደርጉ ሻጩ ፊቱ ከጠቆረ እንደዛ አይነቱን ሱቅ ለቃችሁ ውጡ።

እግር የሌላቸው ሞኒተሮች አሉ፣ ዋጋቸው ወረድ ይላል። ከጀርባው አራት የብሎን ቀዳዳ ካለውና ርቀታቸው 100 በ100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግድግዳ ላይ መስቀል ወይ ማንኛውንም ክንድ መግጠም ይቻላል፣ ብረት በያጅ ጋ ሄዶ ማሠራትም ይቻላል፣ ያየሁት አለ ቆንጆ ነው። ግን የኦሪጅናሉ የዴል እግር ከፍ ዝቅ ስለሚል አንገት ያድናል፣ ካለ ከነእግሩ ውሰዱ። የኃይል ገመዱ ደሞ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የዱባይ ሶኬት ከሆነ ኮንቨርተር እያደረጋችሁ አትሰቃዩ፣ የኮምፒውተር ገመድ ስለሆነ በክብ ጥርስ ሚመጣውን ቀይሩት። ወደ ቤት ስትወስዱት ባጃጅ ውስጥ አስተኝታችሁ እንዳትይዙት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ፊቱን ወደ ራሳችሁ ይዛችሁ፣ ጣት ስክሪኑ ላይ ሳይጫን። ውስጥ ውስጡን ያለው ኮብልስቶን የጨረሰው ፓናል ስንት ነው።

መብራት። ሲሄድ ችግር የለውም፣ ሲመጣ ነው። ሲሄድባችሁ ማከፋፈያውን አጥፉት ወይ ንቀሉት፣ ሲመጣና ተረጋግቶ ስታዩት መልሱት። ባለ 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር ብዙ አይበላም፣ አብዛኛው ከ20 እስከ 30 ዋት አካባቢ ነው፣ ስለዚ ለኮምፒውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለትንሽ ጊዜ ሚይዝ ባትሪ) ካላችሁ ሞኒተሩንም እሱ ላይ ሰኩት፣ ግጥሚያውን ባይጨርስላችሁም ፋይል ሴቭ ለማድረግ ይበቃል።

ቤት ከገባ በኋላ ሰው ማያደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። 100 ኸርዝ ገዝታችሁ ከሆነ ዊንዶውስ በራሱ 60 ላይ ሊተወው ይችላል፣ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ብላችሁ ገብታችሁ 100 አድርጉት፣ ይሄን ሳያደርግ ወር ሙሉ "ልዩነቱ አልታየኝም" ያለኝ ሰው አለ። ሁለተኛው፣ በኤችዲኤምአይ ስትሰኩት ጥቁሩ ግራጫ፣ ቀለሙ የታጠበ ከመሰለ ሞኒተሩ ጥፋት የለበትም፣ ኮምፒውተሩ ቲቪ መስሎት ነው። ኤንቪዲያ ከሆነ ኮንትሮል ፓናሉ ውስጥ ዳይናሚክ ሬንጅ ሚለውን ከሊሚትድ ወደ ፉል ቀይሩት። ፍሪሲንክ ካለውም አብሩት፣ ፍሬሙ ወጣ ገባ ሲል ምስሉ እንዳይቆራረጥ ይረዳል፣ ኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁም ከ10 ሲሪስ (እንደ 1050 ቲአይ ያሉት) ጀምሮ በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ ይሠራላችኋል፣ በዲስፕሌይፖርት እስከሰካችሁ ድረስ።

ድምፅ ግን አትርሱ። የኦፊስ ሞኒተሮች አብዛኞቹ ስፒከር የላቸውም፣ ኮምፒውተር ላይ ችግር የለውም ከኮምፒውተሩ ታወጡታላችሁ፣ ፒኤስ 4 ላይ ግን ምስል መጥቶ ድምፅ የለም። ሞኒተሩ የኢርፎን ቀዳዳ ካለው እሱ ላይ ስፒከር ሰኩ። ከሌለው ጆይስቲኩ ላይ ኢርፎን ሰክታችሁ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ፣ ኦዲዮ ዲቫይስ ብላችሁ ወደ ኢርፎን ሚሄደውን ኦል ኦዲዮ ማድረግ ነው። ፒኤስ 4ን በኮንቨርተር ቪጂኤ ሞኒተር ላይ ሰክታችሁ ጥቁር ስክሪን ከመጣ ደሞ መጀመሪያ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ ሲስተም ሚለው ውስጥ ኤችዲሲፒን (የኮፒ መከላከያውን) አጥፉና ሞክሩ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ፒ2217ኤች ወሰደ፣ ባለ 22 ኢንቹን። ዲስፕሌይፖርትም ኤችዲኤምአይም ቪጂኤም አለው፣ 60 ኸርዝ ነው፣ 7010ዩም ካርድ እስካልተጨመረበት ጂቲኤ ላይ ከዛ በላይ ፍሬም አያመርትም። የተረፈውን ብር ለግራፊክስ ካርድ እያጠራቀመ ነው፣ ያ ቀድሞ የገዛው ኤችዲኤምአይ ገመድም ጓደኛው ፒኤስ 4 ይዞ ሲመጣ ይሰኩበታል፣ ኢርፎኑ ላይ ግን አሁንም እየተጣሉ ነው።